ሐዋሳ ላይ ትንሽ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ስትከፍቱ፦ ከመጀመሪያው ማሽን እስከ ቋሚ ደንበኛ

ይህን የምጽፈው እጃቸው የሠለጠነ ልጆች ሱቅ ከፍተው በጥቂት ወራት ውስጥ ሲዘጉ ደጋግሜ ስላየሁ ነው። ችግራቸው ሙያ አይደለም። ላፕቶፕ ይፈታሉ፣ ይገጥማሉ፣ ዊንዶውስ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጭናሉ። የሚወድቁት ጠረጴዛው ላይ ነው። ማሽኑን በምን ሁኔታ እንደተቀበሉ አልጻፉም። ዋጋ ሳይነጋገሩ ፈቱት። "ነገ ና" እያሉ ሁለት ሳምንት አመላለሱ። ሐዋሳ ሰፊ ብትመስልም ወሬ ቶሎ ይደርሳል። አንድ ዶርም ውስጥ ስማችሁ ከተበላሸ ግቢው በሙሉ ይሰማል።

በቅደም ተከተል ሂዱ። ከሁሉም በላይ 5ኛውን ደረጃ አትዝለሉት።

1. ሱቅ ከመከራየታችሁ በፊት ራሳችሁን ፈትኑ

ከዘመድ፣ ከጎረቤትና ከጓደኛ 10 የተበላሹ ማሽኖች ሰብስቡ። በነጻ ወይም የዕቃውን ብቻ አስከፍላችሁ ሥሩ። ለእያንዳንዱ ማሽን አራት ነገር ጻፉ፦ ባለቤቱ ምን አለ? እውነተኛው ችግር ምን ነበር? ስንት ሰዓት ፈጀ? ምን ዕቃ ተቀየረ? ይህ ደብተር በኋላ ዋጋ ስታወጡ ይጠቅማችኋል።

ቢያንስ እነዚህን ማንንም ሳትጠይቁ መሥራት አለባችሁ፦

- "አይነሳም" የተባለ ላፕቶፕ ችግሩ ከቻርጀር፣ ከባትሪ፣ ከራም ወይስ ከማዘርቦርድ እንደሆነ መለየት
- የደንበኛው ፋይል ሳይጠፋ ዊንዶውስ እንደገና መጫን
- ሀርድ ዲስክ አውጥቶ ፈጣን በሆነው ዲስክ፣ በኤስኤስዲ መተካት
- ስክሪን፣ ኪቦርድና የላፕቶፕ ማጠፊያ መቀየር
- ፋን አጽድቶ ቴርማል ፔስት (የፕሮሰሰሩን ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው የሚያስተላልፈውን ቅባት) ማደስ
- ፎልደሮችን ወደ ሾርትከት የሚቀይረውን የፍላሽ ቫይረስ ማስወገድ

የመጨረሻውን አትናቁት። ብዙ ሰው ፋይሉ የጠፋ መስሎት ፍላሹን ፎርማት ያደርገዋል። ብዙውን ጊዜ ግን ፋይሉ አልጠፋም፣ ተደብቋል። የተደበቁና የሲስተም ፋይሎች እንዲታዩ አድርጉና መጀመሪያ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡ። ፍላሹን የምታጸዱት ከዚያ በኋላ ነው።

ከ10ሩ ሦስቱ ቢያቅቷችሁ ምንም አይደለም። ግማሹ ካቃታችሁ ግን ሱቅ መክፈቱን አቆዩትና የሆነ ሰው ሱቅ ውስጥ ጥቂት ወር ሥሩ። የራሳችሁን ኪራይ እየከፈሉ መማር በጣም ውድ ነው።

በዚሁ ጊዜ የማትሠሩትን ወስኑ። ማዘርቦርድ ላይ ቺፕ መንቀልና መትከል የራሱ መሣሪያና የረጅም ጊዜ ልምድ ይፈልጋል። ካልቻላችሁ "ይሄን እኔ አልሠራም፣ ግን የሚሠራ ሰው አለ" በሉ። ይህን ማለት ደንበኛ አያሸሽም። ሞክራችሁ ማቃጠል ነው የሚያሸሸው።

2. መሣሪያ፦ መጀመሪያ የሚገዛና የሚቆይ

ብድር ወስዳችሁ ጠረጴዛ ሙሉ መሣሪያ አትግዙ። ለመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያስፈልገው ይህ ነው፦

ጥሩ የትንንሽ ካቻቪቴ ስብስብ። ርካሹ አይበጅም። ጫፉ ሲላላ የብሎኑን ራስ ይበላዋል፣ ከዚያ አንድ ብሎን ለማውጣት ግማሽ ቀን ይሄዳል። መክፈቻ ፕላስቲክ፣ ቀጭን ወረንጦ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ መልቲሜትር፣ ቴርማል ፔስት። ንጽሕናው 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል። የእጅ ማጽጃ ሳኒታይዘር አይተካውም፣ ውኃና ሌላም ነገር አለበት።

ከዚያ ሀርድ ዲስክ በዩኤስቢ የሚያነብ ማገናኛ፣ ቢያንስ 1 ቴራባይት የሆነ የራሳችሁ መጠባበቂያ ዲስክ፣ የተለያዩ የዊንዶውስ መጫኛዎች ያሉበት 32 ጊጋባይት ፍላሽ። ቬንቶይ በሚባለው ፕሮግራም ብዙ መጫኛ በአንድ ፍላሽ መያዝ ይቻላል። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎን ለዲስክ ጤና፣ ሜምቴስትን ለራም ያዙ።

ቻርጀር ላይ ተጠንቀቁ። ኤችፒና ዴል አብዛኛውን ጊዜ 19.5 ቮልት፣ ሌኖቮ 20 ቮልት፣ ኤሰርና አሱስ 19 ቮልት ናቸው። ዴል መሐል ላይ ባለችው ቀጭን ፒን ቻርጀሩን ይለያል። ካላወቀው ማሽኑ ይሠራል፣ ባትሪው ግን አይሞላም። ይህን የማያውቅ ሰው ደህና ባትሪ ያስቀይራል። ስለዚህ ለየብራንዱ አንድ አንድ ትክክለኛ የመሞከሪያ ቻርጀር ይኑራችሁ።

ቺፕ በሙቅ አየር የሚነቀልበት ሆት ኤር፣ ማይክሮስኮፕ፣ ቮልቱ የሚስተካከል ፓወር ሰፕላይ ይቆዩ። ሱቁ ራሱ ያገኘውን ብር አውጡበት።

3. ቦታና መብራት

ፒያሳ ውድ ነው። በዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ በር አካባቢ ተማሪ አለ፣ ተማሪ ደግሞ ዋጋ ይከራከራል። አቶቴ፣ አረብ ሰፈር፣ መናኸሪያ አካባቢ የራሳቸው ደንበኛ አላቸው። የኔ ምክር ይህ ነው፦ ለጥገና ዋናው መንገድ ላይ መሆን ግዴታ አይደለም። ሰው ለጥገና አስቦበት ይመጣል እንጂ እያለፈ አይገባም። ዋናው ነገር ለባጃጅ ሹፌር በአንድ ዓረፍተ ነገር መንገር መቻሉ ነው። "ከእንትን ባንክ ጀርባ፣ ምድር ላይ" ከተባለ በቂ ነው። "ሦስተኛ ፎቅ ወጥተህ በግራ" የሚባል ከሆነ ተዉት።

ቤቱን ስታዩ እነዚህን ፈትሹ፦ የራሱ ቆጣሪ አለው ወይ? በሩ አቧራ ወደሚነሳበት መንገድ ይከፈታል ወይ? ጣሪያው በክረምት ያፈሳል ወይ? ማታ ጥበቃ አለ ወይ? የሰው ላፕቶፕ የምታሳድሩበት ቤት ነው። የመጨረሻው መልስ "የለም" ከሆነ ማታ ማታ ዕቃውን ይዛችሁ መሄድ አለባችሁ፣ ይህ ደግሞ ራሱ አደጋ ነው።

የሚቆለፍ የብረት ቁምሳጥን ከጠረጴዛ በፊት ግዙ።

መብራት ሲሄድ ሳይሆን ተመልሶ ሲመጣ ነው ዕቃ የሚቃጠለው። ግድግዳችን 220 ቮልት ይላል፣ ግን ሲመለስ ከዚያ ዘልሎ ሊመጣ ይችላል። የምትጠግኑትን ማሽን በቀጥታ ግድግዳ ላይ አትሰኩ። ስታቢላይዘር ወይም ዩፒኤስ ይኑር። ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራውን ፕሮግራም) እያደሳችሁ መብራት ከሄደ ማሽኑ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል። ስለዚህ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሳይሞላ፣ ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ሳይኖር ባዮስ አትንኩ። ክረምት ላይ መብረቅ ሲጀምር ሁሉንም ንቀሉ፣ የኔትወርክ ገመዱን ጭምር።

4. ፈቃድ

እዚህ ላይ አላበዛም። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አውጡ፣ የኪራይ ውል ያዙ፣ በክፍለ ከተማችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት ወይም ኢትሬድ በሚባለው የመንግሥት የኢንተርኔት አገልግሎት በኩል የንግድ ምዝገባና ፈቃድ ጠይቁ። ለጥገና ሥራ የሙያ ማረጋገጫ ይፈለግ እንደሆነ ውል ከመፈረማችሁ በፊት አጣሩ። የብቃት ማረጋገጫ፣ ሰው ሲኦሲ የሚለው፣ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

ዕቃ መሸጥም ካሰባችሁ ገና ሲጀመር ተናገሩ። የጥገና ፈቃድ አውጥቶ ላፕቶፕ መሸጥ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ታፔላ ከማሠራታችሁ በፊትም ማዘጋጃ ቤት ስለ መጠኑ፣ ስለ ክፍያውና ስለሚጻፍበት ቋንቋ ጠይቁ። አሠርቶ ማስነሳት ያናድዳል፣ ብሩም አይመለስም።

5. ቅበላ፦ ሱቁ የሚድነው ወይም የሚሞተው እዚህ ነው

አንድ ጊዜ የተመራቂ ተማሪ ላፕቶፕ ተቀበልኩ። ዊንዶውሱ ተበላሽቷል። "የምትፈልገው ፋይል አለ?" አልኩት። "ዴስክቶፕ ላይ ምንም የለም" አለኝ። ፎርማት አደረግኩት። የመመረቂያ ጽሑፉ ዶክመንት የሚባለው ፎልደር ውስጥ ነበር። ልጁ ጥያቄዬን በሚያውቀው መንገድ መለሰ። ጥፋቱ የኔ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ማሽን ሳልገለብጥ ፎርማት አላደረግኩም። ጥያቄዬንም ቀየርኩት፦ "ከዚህ ማሽን ውስጥ ቢጠፋ የሚያስለቅስህ ምንድን ነው?" እንዲህ ስትጠይቁ ሰው ቆም ብሎ ያስባል። የሰርግ ፎቶ ይላል፣ የድርጅቱ ሂሳብ ይላል፣ የሞተች እናቱ ድምፅ ይላል።

ማንኛውም ማሽን ሲመጣ ይህን አድርጉ። ሰው ቢሰለፍም አታሳጥሩ።

*ሀ. ደንበኛው ፊት ክፈቱት።* ሲነሳ፣ ሳይነሳ፣ ስክሪኑ ሲያበራ አብራችሁ እዩ። ስንጥቅ፣ የጎደለ ብሎን፣ የተሰበረ ማጠፊያ ካለ በጣታችሁ አሳዩት። በስልካችሁ የላዩንም የታቹንም ፎቶ አንሱ። ይህን ያላደረገ ሰው "ስክሪኑ ሳመጣው ደህና ነበር" ሲባል መልስ የለውም።

*ለ. ጻፉ።* ባለ ሁለት ቅጂ ካርኒ አሳትሙ። አንዱ ለደንበኛው፣ አንዱ ለእናንተ። የሚጻፈው፦ ቀን፣ ስም፣ ስልክ፣ የማሽኑ ሞዴልና ሲሪያል ቁጥር፣ ራምና ዲስክ ምን ያህል እንደሆነ፣ አብሮ የመጣ ዕቃ (ቻርጀር፣ ቦርሳ፣ ማውስ)፣ ደንበኛው የተናገረው ችግር በራሱ ቃል፣ የሚፈልገው ፋይል፣ የተነጋገራችሁት ዋጋ፣ የመመለሻ ቀን፣ ፊርማ። የራሙን መጠን መጻፍ ቀላል ይመስላል። "8 ጊጋ ነበር፣ 4 አድርጋችሁ መለሳችሁልኝ" የሚል ክርክር ሲመጣ ግን የሚያድናችሁ ያቺ አንዲት መስመር ናት።

*ሐ. ቁጥር ለጥፉ።* የካርኒውን ቁጥር ማሽኑም ቻርጀሩም ላይ በወረቀት ፕላስተር ለጥፉ። ቻርጀር ተቀያይሮ የሄደበት ደንበኛ ዳግም አይመጣም።

*መ. የይለፍ ቃሉን በጥንቃቄ ያዙ።* የሚቻል ከሆነ ራሱ ወደ ቀላል ቃል ይቀይርላችሁ። ካልሆነ ካርኒው ላይ ሳይሆን በተለየ ብጣሽ ወረቀት ጻፉና ሲረከብ መልሱለት። ሲወስድ እንዲቀይረው ንገሩት።

*ሠ. ቢትሎከርን ጠይቁ።* ቢትሎከር ዲስክ የሚቆልፍ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ዲስኩ ባለቤቱ ሳያውቅ ተቆልፎ ሊሆን ይችላል። ባዮስ ብትነኩ ወይም ማዘርቦርድ ብትቀይሩ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ይጠይቃል። ቁልፉ ብዙ ጊዜ በባለቤቱ የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ አለ። ማሽኑን ከመንካታችሁ በፊት እዚያው በስልኩ ገብቶ እንዲያየው አድርጉ። የኢሜይሉን የይለፍ ቃል ረስቶ ከሆነ መጀመሪያ እሱ ይፈታ። ዲስኩን አውጥቶ ሌላ ማሽን ላይ መሰካት አይጠቅምም፣ ያለ ቁልፉ አይነበብም።

*ረ. የማን እንደሆነ እርግጠኛ ሁኑ።* ቻርጀር የለውም፣ የይለፍ ቃሉን አያውቅም፣ "ብቻ ቁልፉን ስበርልኝና ፎርማት አድርግልኝ" ይላል። እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ መታወቂያና የግዢ ማስረጃ ጠይቁ። ካላመጣ አትቀበሉ። የተሰረቀ ዕቃ ከናንተ ሱቅ ከተገኘ ማስረዳት ከባድ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የሰው ፎቶ አትክፈቱ። የሚገለበጠው ፎልደሩ እንዳለ ነው፣ ውስጡን ማየት አያስፈልግም። ረዳት ከቀጠራችሁም የመጀመሪያው ሕግ ይህ ይሁን። ሴት ደንበኞች ሱቅ የሚመርጡት በዋጋ ብቻ አይደለም። ላፕቶፓቸውን የት እንደሚያምኑት እርስ በርስ ይነጋገራሉ።

6. የጥገናው ቅደም ተከተል

ከቀላሉ ጀምሩ። ብዙ ሰው ዊንዶውስ ወደ መጫን ይቸኩላል፣ ችግሩ ግን ዲስኩ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ይመለሳል።

1. ቻርጀሩን በመልቲሜትር ለኩ። ከተጻፈው ቮልት በብዙ ከወረደ ሌላ ነገር አትንኩ፣ በራሳችሁ ቻርጀር ሞክሩ።
2. ሙሉ በሙሉ አጥፉ፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ክዳኑን ስትከፍቱ በመጀመሪያ የባትሪውን ገመድ አውጡ። ከዚህ በፊት ሌላ ምንም ገመድ አይነቀልም። ባትሪ ተሰክቶ የስክሪን ገመድ መንቀል ቦርድ ሊያቃጥል ይችላል።
3. ብሎኖቹን በወጡበት ቅርጽ ወረቀት ላይ አስቀምጡ። ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ካስገባችሁ ኪቦርዱን ወይም ቦርዱን ይወጋል።
4. ራሙን አውጡ፣ የወርቅ ቀለም ያለውን ጫፉን በንጹህ ላጲስ አሹ፣ ብናኙን በብሩሽ አራግፉ፣ መልሱ። ሁለት ከሆነ አንድ በአንድ ሞክሩ። "አይነሳም" ከሚባሉት ውስጥ እዚህ ላይ የሚድኑት ብዙ ናቸው።
5. ሰዓቱ እየተሳሳተ የሚነሳ ከሆነ ባለ 3 ቮልቷን ክብ ባትሪ ለኩ። ደክማ ከሆነ ቀይሩ።
6. የዲስኩን ጤና እዩ። "ጥንቃቄ" ወይም "መጥፎ" ካለ ምንም ሳትጭኑ ፋይሉን ገልብጡ።
7. ፋኑን ስትነፉ በጣታችሁ ያዙት። በነፋስ ኃይል በጣም ሲሽከረከር ሊበላሽ ይችላል።
8. ዊንዶውስ የሚጫነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ዊንዶውስ ስትጭኑ ያለ ፈቃድ የሚከፍት አክቲቬተር አትጠቀሙ። ብዙዎቹ ቫይረስ ይዘው ነው የሚመጡት፣ ነገ የሚወቀሰው ሱቃችሁ ነው። ዊንዶውስ ይዘው የተሸጡ ብራንድ ላፕቶፖች ፈቃዳቸው ብዙውን ጊዜ ቦርዱ ውስጥ አለ። ሆም ከነበረ ሆም፣ ፕሮ ከነበረ ፕሮ ጫኑ። ኢንተርኔት ሲያገኝ ፈቃዱ ራሱ ይሠራል።

*እንዲህ ሲሆንስ?*

ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለው ወዲያው አጥፉ። ደጋግሞ ማስነሳት የቀረውን ያጠፋዋል። ለደንበኛው እውነቱን ንገሩት፣ ፋይሉ በጣም የሚያስፈልገው ከሆነ ዲስክ ከፍቶ የሚሠራ ባለሙያ ዘንድ ይውሰደው።

ባትሪው ካበጠ አትጫኑት፣ አትብሱት፣ በብረት አትፈልቅቁት። የሚለቅ ሙጫ ከሆነ በፕላስቲክ ቀስ ብላችሁ አንሱ። ከሚቀጣጠል ነገር አርቃችሁ ብረት ዕቃ ውስጥ አሸዋ ላይ አስቀምጡ።

ማኪያቶ ወይም ለስላሳ የፈሰሰበት ከሆነ ፀሐይ ላይ ማስጣት አይበቃም። ውኃው ይደርቃል፣ ስኳሩ ይቀራል፣ ከሳምንት በኋላ ቦርዱን ይበላዋል። ፈታችሁ በአልኮልና በብሩሽ አጽዱ። ለደንበኛው "ሊነሳም ላይነሳም ይችላል" ብላችሁ ካርኒው ላይ አስፈርሙ።

እናንተው ከሰበራችሁ? ደብቃችሁ አትመልሱ። በዚያው ቀን ደውሉ፣ "እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ እኔ እተካለሁ" በሉ። ለዚህ ብላችሁ በየወሩ ትንሽ ብር ለብቻ አስቀምጡ።

7. ዋጋ፣ ቀብድና የዕቃ ትዕዛዝ

የእጅ ዋጋና የዕቃ ዋጋ ለየብቻ ይሁኑ። የእጅ ዋጋውን በትልቁ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። የተለጠፈ ዋጋ ክርክሩን በግማሽ ይቀንሰዋል። ለምርመራ ትንሽ አስከፍሉ፣ ካሠራው ከጠቅላላው ቀንሱለት።

ዋጋው ከተነጋገራችሁት በላይ ከሆነ ሥራውን አቁማችሁ ደውሉ። "ከፈታሁት በኋላ ሌላም አገኘሁ" ማለት ጥፋት አይደለም። ሠርቶ ጨርሶ ሂሳብ መጨመር ነው ጥፋት።

ዕቃ ለማዘዝ ሙሉ የዕቃውን ዋጋ ቀብድ ተቀበሉ። አዲስ አበባ ከሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዕቃው በመኪና ተልኮ መናኸሪያ ትቀበላላችሁ። ተሳስቶ ከመጣ መላኩም መመለሱም ኪሳራ ነው። ስለዚህ በላፕቶፑ ስም አትዘዙ። አንድ ስም ያለው ላፕቶፕ ሁለት ሦስት ዓይነት ስክሪን ይኖረዋል። ፍቱት፣ ከስክሪኑ ጀርባ ያለውን ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ ላኩ። ማገናኛው 30 ፒን ነው ወይስ 40? ባትሪም እንዲሁ፣ ቁጥሩና ቮልቱ ይታይ። ኤስኤስዲ ሲሆን አገናኙ ሳታ ነው ወይስ ፈጣኑ ኤንቪኤምኢ ብላችሁ እዩ፣ ቅርጹ ተመሳስሎ ላይሠራ ይችላል።

የቀብድ ብር የናንተ ብር አይደለም። በሌላ አካውንት አስቀምጡት። ይህን ብር ለኪራይ የከፈለ ሱቅ የሚዘጋው በዚያው ወር ነው።

በቴሌብር ሲከፈላችሁ ደንበኛው የሚያሳያችሁን ስክሪንሾት አትመኑ። በራሳችሁ ስልክ መልእክቱ ሲደርስና ሂሳቡ ሲጨምር እዩ።

የመመለሻ ቀን ስትሰጡ ካሰባችሁት ሁለት ቀን ጨምሩ። ቀኑ ከመድረሱ በፊት እንደማይደርስ ካወቃችሁ እናንተ ቀድማችሁ ደውሉ። ሰው መዘግየቱን ይችላል። ተመላልሶ ባዶውን መሄድ ነው የሚያቆስለው።

8. ርክክብ

ደንበኛው ፊት አስነሱ። ዋይፋይ፣ ድምፅ፣ ካሜራ፣ ዩኤስቢ፣ ቻርጅ አንድ በአንድ አሳዩት። ፋይሉን ራሱ ከፍቶ ይይ። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ መልሱለት፣ ባይፈልገውም አሳዩት። ለእጅ ሥራ 30 ቀን ዋስትና ስጡ፣ ለዕቃ ደግሞ አቅራቢያችሁ የሰጣችሁን ያህል ብቻ። ምን እንደማይሸፍን፣ ለምሳሌ መውደቅና ውኃ፣ ካርኒው ጀርባ ይታተም።

የገለበጣችሁትን ፋይል 7 ቀን ያዙና አጥፉ። ይህንንም ንገሩት።

9. ማስተዋወቅ

የመጀመሪያውን ብር ባነር ላይ አታውጡ። "ማንኛውንም ኤሌክትሮኒክስ እንጠግናለን" የሚል ታፔላ ምንም አይነግርም። አንድ ነገር ምረጡ፦ "የላፕቶፕ ስክሪን፣ ኪቦርድና ኤስኤስዲ"። ሰው የሚያስታውሰው አንድ ነገር ነው።

መጀመሪያ ጉግል ካርታ ላይ ሱቃችሁን አስገቡ። ነጻ ነው። የበሩን፣ የመንገዱንና የአጠገቡን ትልቅ ምልክት ፎቶ ጨምሩ፣ የሥራ ሰዓት ጻፉ። ማሽኑን ተደስቶ የወሰደ ደንበኛ እዚያው ቆሞ እያለ አስተያየት እንዲጽፍ ጠይቁት። ነገ እጽፋለሁ ያለ አይጽፍም።

ከዚያ ስቲከር። ስም፣ ስልክና የተጠገነበት ቀን ያለበት ትንሽ ስቲከር ቻርጀሩ ላይ ለጥፉ። ላፕቶፑ ክዳን ላይ ከለጠፋችሁት ሰው ይልጠዋል። ቻርጀር ግን ዶርም ውስጥ ይዋዋሳል፣ ካፌ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ይውላል።

ቴሌግራም ቻናል ክፈቱ፣ ግን በቀን አምስት ጊዜ ማስታወቂያ አትልቀቁ። በሳምንት አንድ የሚጠቅም ነገር በቂ ነው። ለምሳሌ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ብዙ ሰው ማሽኑ ዊንዶውስ 11 ይችል እንደሆነ አያውቅም። ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ቦታ፣ ቲፒኤም 2.0 (የደህንነት ቺፕ) ይፈልጋል፣ ኢንቴል ከሆነ ደግሞ በጥቅሉ ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ነው። "አምጡ፣ በነጻ እናይላችኋለን" ብላችሁ ለጥፉ። የማይችለውን "አይችልም" በሉት። ግድ ግዛ አትበሉት። ፎቶ ስትለጥፉ የደንበኛ ስም፣ ፋይልና ሲሪያል ቁጥር እንዳይታይ አረጋግጡ።

ተማሪ ዘንድ የምትደርሱበት ሰሞን አለው። የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ሲቃረብ ላፕቶፕ የተበላሸበት ልጅ እንቅልፍ የለውም። በዚያ ሰሞን ማታ አምሽታችሁ ክፈቱ፣ "በዕለቱ የሚያልቅ" የሚለውን ሥራ ብቻ ዘርዝራችሁ ለጥፉ። ግቢ ውስጥ ወረቀት ከመለጠፋችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ። በር ላይ ያሉትን የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች ተዋወቁ። ተማሪው ፍላሹ አልከፈት ሲለው መጀመሪያ የሚጠይቀው እነሱን ነው። የእነሱን ማሽን ቅድሚያ ሰጥታችሁ ሥሩላቸው።

እንጀራውን የሚጋግሩት ግን ድርጅቶች ናቸው። የግል ትምህርት ቤቶች፣ ፋርማሲዎች፣ ሐይቁ ዳር ያሉ ሆቴሎች፣ ፎቶ ቤቶች፣ የሂሳብ ሥራ የሚሠሩ ቢሮዎች። ጠዋት ሥራ ሳይበዛባቸው ሂዱ። ብሮሹር አትበትኑ። "አንድ ማሽን በነጻ ልይላችሁ" በሉ፣ ያያችሁትን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ስጡ፦ የትኛው ዲስክ እየደከመ ነው፣ የትኛው ማሽን ላይ መጠባበቂያ የለም። ከአምስት አንዱ ቢደውል ጥሩ ነው። በወር የተወሰነ ጊዜ የምታዩበት ውል ስትዋዋሉ የኮምፒውተሮቹን ብዛት፣ በስንት ሰዓት ውስጥ እንደምትደርሱ፣ ዕቃ የማን ወጪ እንደሆነና ክፍያው በስንት ቀን እንደሚፈጸም ጻፉ። የመጨረሻውን ሳትጽፉ አትፈርሙ። ድርጅት ይከፍላል፣ ግን ሁለት ወር ሊቆይ ይችላል፣ እናንተ ደግሞ ኪራይ አለባችሁ።

*ስም ቢነሳባችሁ*

የሆነ ሰው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ "አበላሹብኝ" ብሎ ቢጽፍ እዚያው አትከራከሩ። "የካርኒ ቁጥሩን ላክልኝ፣ ዛሬ አየዋለሁ" ብቻ በሉ። ካርኒውንና ፎቶውን አውጥታችሁ እዩ። ጥፋቱ የናንተ ከሆነ በነጻ ሥሩ። ካልሆነ ፎቶውን ለብቻው አሳዩት።

*ያልተወሰደ ማሽን*

ሁሌም ይኖራል። በ15ኛውና በ30ኛው ቀን ደውሉ፣ የደወላችሁበትን ቀን ካርኒው ላይ ጻፉ። ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጡት፣ ማሽኑን ከቁጥሩ ጋር በፌስታል ጠቅልላችሁ ቁምሳጥኑ ውስጥ አስቀምጡ። ዕቃ አትንቀሉበት፣ አትሽጡት። ከዓመት በኋላ ይዞ የሚመጣው ያቺን የካርኒ ቅጂ ነው።